የዶቅዶቄዋ ቤት

ሰው አባባል ሲያነሣ እንደ ዋዛ ነው። ከአፉ ያወጣውና ጨዋታውን ያሳምርበታል እንጂ፣ ይህች ቃል መጀመሪያ ከማን ደጅ ተነሣች፣ ማንንስ አስለቅሳ መጣች ብሎ የሚጠይቅ የለም። የጥድ በር ሰዎች ግን አንዲት አባባል አለቻቸው፤ ሌላው አገር እየሳቀ ይላታል፣ በሠርግ ቤት ሳይቀር ይቀልድባታል፣ እነሱ ሲሏት ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የተወለደችው እኛ ዘንድ ነው ባዮችም ናቸው። «ኧረ ዶቅዶቄ የሚባል ነገር ሳይፈጠርም አያቶቻችን ይሏት ነበር» ብሎ የሚከራከራቸው ቢመጣ፣ «አያቶችህ አሏት፤ እኛ ግን አየናት» ይሉታል። ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም፤ ቁጭ ብሎ ታሪኩን መስማት ነው።

ጥድ በር ከደብረ ሲና ሽቅብ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተለጠፈች መንደር ናት። ከበታቿ ቆላው አለ፤ ከቆላው ደግሞ ጉም ይነሣል። ጉሙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ነው፤ ሰው በቀትር ከደጁ እስከ በረቱ ያለችውን መንገድ ያጣታል። በዚያ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነው። ጉም በወረደ ጊዜ ወደ ሰው ደጅ የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ ማሳል አለበት። ሳያስል ኮቴው ብቻ ከተሰማ «ማነህ?» ይባላል፤ መልስ ካልሰጠ ግን ሁለተኛ አይጠየቅም፣ በር ዘግቶ መቀመጥ ነው።

እማዋይሽ እዚያው ተወልዳ እዚያው የተዳረች ሴት ናትና ጉም አያስፈራትም ነበር። ባሏ ደምሰው ደግሞ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ጥማድ በሬውን ሸጦ ቀይ ዶቅዶቄ የገዛ ጊዜ «በሬ ሸጦ ብረት ገዛ፤ እንግዲህ ብረት ያርስለት» ተብሎ መንደሩ ሁሉ ቦጨቀው። እሱ ግን ከአስፋልቱ እስከ ቆላው ገበያ ሰውና ጭነት እያመላለሰ፣ አማቱን ሳይቀር ከኋላ አፈናጥጦ እያስጮኸ፣ የሁሉንም አፍ አስያዘ። ልጅ ገና አልሰጣቸውም። ዶቅዶቄዋ እንደ ልጅ ትታጠባለች፣ እንደ ልጅም ከመጋረጃው ወዲያ ቤት ውስጥ ታድራለች።

«ነጠላዬ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን አለ እኮ» ትለዋለች እማዋይሽ። «ከእኔና ከእሷ ማንን ትመርጣለህ?»

«አንቺን። አንቺ ቤንዚን አትጠጪም» ይልና ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል። ለዚህ ሳቁ ነበር የወደደችው፤ ሌላ ሀብትም አልነበረው።

ሳቁን የሚያጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የላቀው ስም። ላቀው የአባቱ ልጅ ነው፣ በእናት አይገናኙም። አባታቸው በሕይወት ሳለ «ለአንተ ናት» ብሎ ለደምሰው የተናገረላት በቅሎ ነበረች፤ አባትየው ሲሞት ሽማግሌ ዕጣ አወጣና ለላቀው ደረሰች። የወንዝ ዳሯም መሬት እንዲሁ ሆነች። ላቀው አልለመነም፣ አልከሰሰም፤ ዕጣው ነው የወጣለት። እማዋይሽ ይህን ታውቃለች። ደምሰው ልብ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ሥር ሰደደ፦ የእኔ የሆነ ነገር ሁሉ መንገድ ዞሮ ላቀው በረት ይገባል ብሎ አመነ። እንዲህ ያለ እምነት ደግሞ ምስክር አያጣም፤ የቀረበትን ሁሉ እየቆጠረ ያቀርብለታል።

ላቀው ቆላ ወርዶ ሸንኮራ እርሻ ላይ ሲሠራ ከርሞ ተመለሰና ወንድሙን ሊጠይቅ መጣ። ዶቅዶቄዋ ደጅ ላይ ታጥባ ቆማለች። ዞሮ ዞሮ አያት፣ መዳፉን መቀመጫዋ ላይ አሳረፈ።

«እሰይ ወንድሜ! ዕድሜ ከሰጠኝማ አንድ ቀን እኔም ሳልነዳት አልቀርም» አለ፣ እየሳቀ።

ደምሰው አልሳቀም። እንግዳው ሲሄድ፣ እጁ ያረፈበትን ቦታ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ጠርጎ አልበቃውም፣ ደግሞ ጠረገው።

«ሰማሽው?»

«ምኑን?»

«አንድ ቀን አለ።»

«ሰው ይቀልዳል፣ ደምሰው። ወንድምህ እኮ ነው።»

«በቅሎዋንም በልጅነታችን እንዲሁ ነበር ያላት። እጁን ወገቧ ላይ አሳርፎ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዶቅዶቄዋን ቤት ማሳደርም ፈራ፤ ቤት ውስጥ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ዓይን ያርፍባታል። የራሷ ቤት ልሥራላት አለና ጋሽ አጎናፍርን ጠራቸው። ጋሽ አጎናፍር የመንደሩ አናጢ ናቸው፤ በርም፣ አልጋም፣ የሬሳ ሳጥንም ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። «ጥድ በር ውስጥ ከእኔ ያመለጠ ሰው የለም» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቀልዳቸውን ግን የሚወድላቸው ብዙ አይደለም።

«ለብረት ቤት?» አሉ ሲነግራቸው። «እኔ ራሴ ያለሁበት ያፈሳል እኮ፣ ልጄ።»

«ከጓሮ ይሁንልኝ። ወደ ገደሉ በኩል፣ ሰው የማያልፍበት ጋ።»

«ሰው የማያልፍበት ቦታ እኮ ለሌባ ነው የሚመቸው።»

«የፈራሁት ሌባ አይደለም» አለ ደምሰው።

ሽማግሌው ማንን እንደፈራ አልጠየቁም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ገመዳቸውን በዶቅዶቄዋ ቁመት ወጥረው ችካል ተከሉ። እማዋይሽ ገመዱን ከወዲህ ይዛላቸው ነበር። ሥራው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ደምሰው ግን ከዶቅዶቄዋ ጎን መሬት ላይ ጋደም አለ።

«አሁን እኔን ይለኩኝ።»

«አንተን ደግሞ ለምኑ?»

«አጠገቧ ነው የምተኛው። እሷና እኔ ብቻ እንድንገባ ነው የምፈልገው። ሦስተኛ ሰው የሚቆምባት ስንዝር እንዳትተርፍ።»

«ተነሥ ከመሬት! በዓይኔ ገምቼ ክንድ እጨምርልሃለሁ።»

«ግምት አልፈልግም፣ ልክ ነው የምፈልገው። ጭማሪ ካለማ ሰው ይገባበታል።»

ጥድ በር ውስጥ ሕይወት ያለው ሰው አይለካም። ቤት በገመድ ይለካል፣ በክንድ ይለካል። ሰው የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በሸምበቆ፣ ከተገነዘ በኋላ። ጋሽ አጎናፍር በሸምበቆው ልክ ሳጥኑን ይሠራሉ፣ ቆፋሪዎች በዚያው ልክ ጉድጓዱን ይምሳሉ፣ ሬሳው ሲወርድ ሸምበቆው ከሁለት ይሰበርና አብሮ አፈር ይገባል። ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሸምበቆ ደግሞ ከዕቃቸው ጋር ታስሮ ከጎናቸው ተጋድሟል።

ደምሰው እጁን ሰደደና አንዱን መዘዘ። ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ ከጎኑ አስተኛው፤ ተረከዙ ጋ በጩቤው ነክሶ ቆረጠው። ቀና ብሎም «ይኸው፣ አለቀ። ይህን ያህል መጨቃጨቅ ምን ያደርጋል?» አለ።

እማዋይሽ የያዘችውን ገመድ ለቀቀች። ጋሽ አጎናፍር አማተቡ።

«እኔ አልለካሁህም» አሉ። «ሰማይም ምድርም ይስማኝ። ራስህ ነህ የለካኸው።»

ሸምበቆውን ምን ያድርጉት? መስበር የሞት ነው። ይዘውት እንዳይሄዱ፣ ባለቤቱ በሕይወት ያለ ልክ ቤታቸው ማሳደሩን ፈሩ። ዞር ዞር ብለው ከቤቱ ታዛ ሥር ሸጎጡት። ጉሙም ከገደሉ ተነሥቶ ጓሮውን ሸፈነው፣ የዚያን ቀን ሥራ በዚሁ ተበተነ።

ቤቷ አማረች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ምሰሶዋ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳዋ የጥድ ሳንቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። በሯ ከውጭ ጓጉንቸር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አላት። ጋሽ አጎናፍር በሳንቃና በሳንቃው መሐል ጣት የምታስገባ ክፍተት ተዉላት፤ እንጨትም ይተነፍሳል፣ ሰውም ይተነፍሳል አሉ። ደምሰው ዶቅዶቄዋን አስገባ፣ ከጎኗ መደብ ዘረጋ፣ ቁልፉን በክር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። መጀመሪያ ቀትር ቀትር ብቻ ነበር የሚያርፍባት። ቆየት ብሎ ትራሱንም ወሰደ። እማዋይሽ አኮረፈች፣ ሰማንያ የታሰረልኝ ከማን ጋር ነው አለች፤ እሱ ግን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከገበያ መልስ በሩን ከፍቶ ገባና ወዲያው ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እማዋይ! ሸምበቆውን ማነው መደቤ ላይ ያስተኛው?»

«የምን ሸምበቆ?»

ገብታ አየች። ሸምበቆው መደቡ ላይ ተጋድሟል። ጋቢው ከላዩ ተጎትቶ እስከ ትራሱ ተሸፍኗል፣ ሰው በብርድ ጊዜ እንደሚሸፋፈን። ጓጉንቸሩ አልተነካም፣ ቁልፉም ከደምሰው አንገት አልወረደም። እማዋይሽ የመንደር ዋልጌ ሥራ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ሸምበቆውን ይዛ ገደሉ አፍ ላይ ቆመችና ቁልቁል ወረወረችው። ጆሮዋን ብታቀና፣ ያረፈበት ድምፅ የለም።

በሚቀጥለው ገበያ እንደገና መደቡ ላይ ተኝቶ ተገኘ፤ ጤዛ ጠጥቶ ረጥቧል። ሌላ ነው እንዳትል ደምሰው በጩቤ የነከሰው ቦታ ያው ነው።

ሰው በዚህ ጊዜ ቤቱን ጥሎ ይሸሻል። ደምሰው ግን የፈራውን ሰው እንጂ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

«ላቀው ነው» አለ። «ያስደረገብኝ እሱ ነው። በስንጥቁ ነው የሚያስገባው።»

ከዚያ በኋላ ጭድና ጭቃ አቡክቶ የሳንቃውን ክፍተት ይደፍን ጀመር። ጭቃው ሲሰነጠቅ ጨርቅ ይወትፍበታል፤ ጨርቁ ሲያልቅ የራሱን ሸሚዝ ቀደደ። ሥራ መሄድም እያደር ተወው። ሳቁማ ከየት ይምጣ? እማዋይሽ ማታ ብቻዋን እሳት ዳር ስትቀመጥ፣ ባሏ በሕይወት እያለ ሐዘን ተቀምጣ እንዳለች ይሰማት ነበር።

አንድ ቀትር ጉም ወርዶ ሳለ ምሳውን ይዛለት ወጣች። የዶቅዶቄዋ ቤት አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች። ከውስጥ ትንፋሽ ይሰማል፤ ረጅም፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ተኝቷል፣ እንኳንም ተኛ ብላ ቀስ ብላ ሳንቃውን ነካ ነካ አደረገች።

«ደምሰው። ብላና ተኛ።»

«አቤት» አለ ደምሰው፣ ከኋላዋ።

ዘወር አለች። ከጉሙ ውስጥ ዶቅዶቄዋን እየገፋ መጣ፤ ጉሙ መንገዱን ቢያሳጣው ሞተሯን አጥፍቶ ከመታጠፊያው ጀምሮ ሲገፋ ነበር። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ከውስጥ ያለው ትንፋሽ ቀጥ ብሏል፣ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው።

ሲከፍቱት ማንም የለም። ጋቢው ከሸምበቆው ላይ ተሸፍኗል። እማዋይሽ እጇን ጋቢው ላይ አሳረፈችና ፈጥና ሰበሰበች፤ ጋቢው ይሞቃል።

ምሳውን እዚያው ጥላ ወደ ጋሽ አጎናፍር ቤት ሮጠች። ግንድ ላይ ከሳቸው ጋር የተቀመጠ ሰው አለ፤ ቀና ሲል ባሏ መስሏት ደነገጠች። ላቀው ነው። ከወንድሜ አስታርቁኝ ብሎ ሽማግሌ ሊለምን መጥቶ ኖሯል።

«እማዋይሽ፣ ምን በደልኩት?» አላት።

«ምንም። አንተ ምንም አልበደልከውም» አለችና ለቅሶዋ መጣ።

የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጋሽ አጎናፍር ቀልዳቸውን ተዉ።

«ልክ ባለቤቱን ይጠብቃል» አሉ። «እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አንቺ ብትወረውሪው፣ እኔ ባቃጥለው አይሆንም፤ ሰውየው በፍርሃቱ ለክቶ ያስቀመጠውን ከፍርሃቱ ወጥቶ ነው የሚተወው። ነገ ቀትር ሳይደርስ ከዚህ ልጅ ጋር መጥቼ አስታርቃቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ከቤት እንዳይወጣ ያዢልኝ።»

በማግስቱ ጉሙ ከሁልጊዜው ቀደመ። ደምሰው ከማለዳ ጀምሮ ያቺን ቤት አልለቅ ብሎ መደቡ ላይ ተኮራምቷል፤ እጁ በረዶ ሆኗል። እማዋይሽ አንጀቷ አልችል ብሎ የከሰል ምድጃውን አቀጣጠለችና አስገባችለት። በሩ ክፍት ነበር፤ ክፍት ሆኖ ይውላል ብላ ነው። በዚህ ዛሬም ራሷን ትወቅሳለች።

ሽማግሌው ሲመጡ ሳላቸው ከሩቅ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ሳል መጣ፣ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ። ደምሰው ከመደቡ ዘሎ ተነሣ።

«አባቴ ነው» አለ።

«አባትህ ሞተዋል፣ ደምሰው።»

«የአባቴ ሳል ነው እልሻለሁ! ሊቀማኝ መጣ፤ ለዚያ ለልጁ ሊሰጥብኝ መጣ።»

ላቀው የአባቱን ሳል ወርሷል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ደምሰውም ሲያድግ የሰማው ነው። ያን ጊዜ ግን ማን ያስረዳው? ሚስቱን ወደ ውጭ ገፍቶ በሩን ዘጋ፤ መቀርቀሪያው ጧ ብሎ ገባ።

ሁለቱ ሰዎች ከጉሙ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ወንድሜ፣» አለ ላቀው፣ «ዶቅዶቄህን ብዬ አይደለም የመጣሁት። ፊትህን ልየው ብዬ ነው።»

«ፊቴን አይተሃል። ሂድ!»

«ክፈትለት ልጄ» አሉ ጋሽ አጎናፍር። «የአንድ ሰው ልጆች በበር አይነጋገሩም።»

«ሂዱ ነው የምለው! ሁላችሁም ከሱ ጋር ናችሁ!»

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ምክራቸውን ጀመሩ። የአባታቸውን ደግነት አነሡ፣ በቅሎዋን አነሡ፣ ዕጣ የእግዜር እንጂ የሰው አለመሆኑን አነሡ። ከውስጥ የሚመጣው መልስ እያጠረ ሄደ፤ ቆየት ብሎም ጠፋ። እሳቸው ልቡ እየራራ መስሏቸው ባሰባቸው፤ ሽማግሌ ዝም ብሎ የሚሰማው ካገኘ ምክሩን መች ያሳጥራል?

እማዋይሽ ግን ጆሮዋን ሳንቃው ላይ ለጥፋ ነበር። ከውስጥ የሚሰማት ሁለት ትንፋሽ ነው። አንዱ የባሏ ነው፣ አፉን ከፍቶ ሲተኛ የሚያሰማው። ሌላው ከሱ ጎን ሆኖ ቀስ ብሎ ይከተለዋል፤ እሱ ሲያወጣ ያወጣል፣ እሱ ሲስብ ይስባል። ስሙን ብትጠራ ሁለተኛው እንዳይመልስላት ፈርታ ጆሮዋን አብልጣ አስጠጋች። የባሏ ትንፋሽ ራቀ፣ ቆየ፣ ደግሞ ራቀ። ከዚያ አንዱ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፤ የማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

«ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች። «ከሰሉ! ከሰል አለ ውስጥ!»

ጋሽ አጎናፍር ተነሥተው በሩን በትከሻቸው ገፉት። «የኔው ሥራ ነው፣ በሬም ቢገፋው አይከፈትም! ሳንቃውን፣ ሳንቃውን!» አሉ። ላቀው ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ግድግዳውን ይቀጠቅጥ ጀመር። አንዱ ሳንቃ ተሰነጠቀ፤ ጣቶቹን አስገብቶ ከነምስማሩ ገነጠለው፣ ሁለተኛውንም ገነጠለ፣ እጁ ደም በደም ሆነ። ከውስጥ የወጣው አየር ትኩስና የታፈነ ነበር። በጭንቅላቱ ገባና ወንድሙን ከብብቱ ይዞ ጎተተው። ደምሰው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ።

«አለ!» አሉ ሽማግሌው ደረቱን አዳምጠው። «ትንፋሹ አለ፤ ግን ከዚህ ቢቆይ አይተርፍም። ጤና ጣቢያው አስፋልቱ ጋ ነው፣ በቃሬዛ አይደረስም።»

ሁሉም ወደ ዶቅዶቄዋ ዞሩ። ላቀው መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ከፈተና ገፍቶ አወጣት።

«ትችላለህ?» አለችው እማዋይሽ።

«ሸንኮራው እርሻ ላይ ተምሬያለሁ። ከጀርባዬ እሰሪልኝ።»

ነጠላዋን አወረደችና፣ ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን በወንድሙ ጀርባ ላይ አሰረችው። የደምሰው ራስ ላቀው ትከሻ ላይ ወደቀ። ዶቅዶቄዋ ተነሣች፣ ጉሙ ዋጣት። መንገዱ አይታይም፣ በስተግራ ገደል ነው፤ ላቀው ክላክሱን ሳያቋርጥ እየነፋ ወረደ። እማዋይሽ መሬት ተቀምጣ ክላክሱን ታዳምጣለች፤ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ባሏ አለ ማለት ነው። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልያ አታውቅም። በመጨረሻ ድምፁ ጠፋ፤ ከርቀት ይሁን ከሌላ ነገር አላወቀችም።

ጋሽ አጎናፍር በተገነጠለው ሳንቃ በኩል ጎንበስ ብለው ገቡና ከመደቡ ላይ አንድ ነገር አንሥተው ወጡ። ሸምበቆው ነው። ከሁለት ተሰብሯል።

«ሲጎተት ሰብሮት ይሆናል» አለች እማዋይሽ።

«ይሆናል» አሉ። ሁለቱ ስባሪ ግን በጋቢው ሥር፣ መደቡ ላይ በእኩል ልክ ጎን ለጎን ተጋድመው እንዳገኟቸው አልነገሯትም፤ ለሰው የተናገሩት ብዙ ቆይተው ነው። እዚያው ጓሮ አፈር ጫር ጫር አድርገው ቀበሩት፣ ፍታት ግን አላሉበትም። ከዚያ ወዲያ ያ ሸምበቆ አልታየም።

ደምሰው ተረፈ። ጤና ጣቢያው ሲደርስ ላቀው ወገቡ ላይ የታሰረውን ነጠላ መፍታት አቅቶት፣ ወንድሙን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ሲጮህ ነበር ይላሉ ያዩት። የከሰል ጭስ ግን ከገባበት ሰው አንድ ነገር ሳይወስድ አይወጣም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ሚዛን አይጠብቅለትም። ዶቅዶቄ መንዳት ቀርቶ ውኃ የያዘ ጣሳ ሳያፈስ አያነሣም። ቤት በገባ ሰሞን ግድግዳ ግድግዳውን ያያል፤ እማዋይሽም የልቡን አታውቀውም ነበር። አንድ ማለዳ ግን ላቀው ሊጠይቀው ሲመጣ፣ የዶቅዶቄዋን ቁልፍ የሚንቀጠቀጥ እጁ ላይ ይዞ ጠበቀው።

«ብረት ቆሞ ይዝጋል» አለው። «ንዳት።»

«ያንተ ናት እኮ።»

«እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

እማዋይሽ ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። ሰው በደስታና በሐፍረት አንድ ላይ ማልቀስ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ያቺን ቤት ጋሽ አጎናፍር ራሳቸው ሳንቃ በሳንቃ አፈረሷት፤ እንጨቷን ግን ለአጥር የሚፈልግ አልተገኘም።

በገበያ ቀን፣ ጉሙ ሳይነሣ፣ ሁለቱ ወንድማማች በቀይዋ ዶቅዶቄ ቁልቁል ሲወርዱ መንደሩ ቆሞ ያያቸዋል። ላቀው ይነዳል፤ ደምሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላ የወንድሙን ወገብ ይዟል፣ «ቀስ በል፣ ገደል ነው!» እያለ ይቆጣል፤ አንዳንዴም ያ ሳቁ ያመልጠዋል። አንድ ቀን ከሌላ አገር የመጣ በግ ነጋዴ ከጋሽ አጎናፍር ጎን ቆሞ ሲያያቸው፣ «አባቴ፣ ዶቅዶቄዋ የማናቸው ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ዶቅዶቄዋ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ጠበቁና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አሉት።